ሁለት ጣት ለፋሲካ

ልብስ ሰፊ የሰውን ፊት ከማየቱ በፊት ወገቡን ያያል። መርፌ ካስቀመጥኩም በኋላ ይህ አመል አልለቀቀኝም። ሚኒባስ ስጠብቅ ከፊቴ የቆመው ሰው ቀበቶው ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደገባ አያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ዐይኔ ከቅዳሴው ወጥቶ የሰው ትከሻ ላይ ሲዞር አገኘዋለሁ። ባለቤቴ ለተብርሃን «ሰውን አትለካው፤ ሰላም በለው» እያለች ትቆጣኛለች። እሷ ልማድ ይመስላታል። እኔ ግን እፈራለሁ። ሱሪው ሰፍቶት የሚሄድ ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል። ከስቶ እያለ ልብሱ ልክክ ያለለትን ሳይ ደግሞ የባሰ እደነግጣለሁ።

የስፌት መኪናዬን የሸጥኩት ዐይኔ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተው ነው። እርግጥ ነው፣ ዐይኔ ባይደክምም ሥራው ራሱ ደክሞ ነበር። ሰው ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ ገዝቶ መልበስ ከጀመረ ቆይቷል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ዚፕ ለማስቀየርና እግር ለማሳጠር ነበር። እናም አሁን መቀሌ ሓድነት ሰፈር ካለው ቤቴ በራፍ ላይ ተቀምጬ የኋላዬን ሳስብ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን የሁለት ሰዎች ወገብ ይመጣብኛል። አንዱ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ መክሳታቸውን ኮታቸው ደብቆብኝ ሞቱብኝ። ሁለተኛዋ ለተብርሃን ናት። እሷንም እንደዚያው እንዳላጣት የፈራሁትን ፍርሃት ጠላቴም አይፍራው።

የተወለድኩት ደሴ ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ሥራ ሲቀዘቅዝ መቀሴን በጋዜጣ ጠቅልዬ በጭነት መኪና መቀሌ ገባሁ። ትግርኛ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነበር። ገበያው ጥግ ካለች ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሥራ እንዳለ ስጠይቅ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰውዬ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣

«የለበስከውን ሱሪ ማን ሰፋው?» አሉኝ በአማርኛ።

«እኔ ነኝ።»

«ና ቅረብ።»

የሱሪዬን ጫፍ ገልብጠው የውስጡን ስፌት አዩት። «ከውጭ ጽቡቕ ነው፤ ያምራል። ከውስጥ ግን ዋሽተሃል» አሉና ወንበር ገፉልኝ።

እንዲህ ነው አቦይ ወልዱን ያገኘኋቸው። አቦይ በእነሱ አባቴ እንደማለት ነው፤ እሳቸውም ወደይ፣ ልጄ፣ ይሉኝ ነበር። ክፍያው እንደማንኛውም ሱቅ ነበር፤ አያጠግብም፣ አያስርብም። ትምህርቱ ግን ሌላ ነበር። አቦይ ወልዱ ሰው ሲለኩ ቁጥር ጮክ ብለው አይጠሩም። ሌላው ልብስ ሰፊ «ሰማንያ! ዘጠና ሁለት!» እያለ ለረዳቱ ሲያስጽፍ፣ እሳቸው ሜትሩን አዙረው፣ አይተው፣ ዝም ብለው ይጠቀልሉታል። ልኬቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። «የሰው ወገብ እንደ ንስሐው ነው፤ ሜትር አለህ እንጂ አፍ የለህም» ይሉኛል።

ልብስ ሲያጠብቡም ትርፉን ጨርቅ አይቆርጡም። ወደ ውስጥ አጥፈው፣ በሰም ባሻሹት ግራጫ ክር ዳር ዳሩን ይዘው ይተዉታል። የኔ እጅ ወደ መቀሱ ሲሄድ ካዩ በሜትሩ ጫፍ ቸብ ያደርጉኛል። «ሰውዬው ሲመለስ ምን ልትሰጠው ነው?»

ከሁሉም የማልረሳው ግን የፋሲካውን ነው። የበዓል ልብስ የሚለካው በሁዳዴ ነው፤ ሰው በጾም ቀልሎ፣ ሆዱ ገብቶ። ያን ጊዜ በልኩ የተሰፋ ቀሚስ ወይም ሱሪ ፋሲካ አልፎ ሥጋውና ቅቤው ሲመለስ ይፈነዳል። ስለዚህ አቦይ ወልዱ በጾም የለኩትን ሁሉ ሁለት ጣት ይጨምሩበታል። «የሚለካው ጾመኛ ነው፤ የሚለብሰው ግን ፍስከኛ ነው» እያሉ ይስቃሉ። ሁለት ጣት ለፋሲካ ማለት በዚያች ሱቅ እንደ ሕግ ነበር። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ያ ሁለት ጣት ይሞላል። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ በጤነኛ ሰው ላይ ሳይሞላ ሲቀር አላየሁም።

ያ ዘመን ግን ለከሳ ሰው ክፉ ነበር። አንድ በሽታ ገብቷል ተብሎ አገሩ ሁሉ ፈርቷል። ትኩሳት ያደከመውም፣ ሐሳብ የበላውም፣ ስኳር ያመመውም፣ ከከሳ በቃ ስሙ ያ ብቻ ነው። መንገድ ላይ «ምነው ከሳህ?» ያለህ ሰው ወሬውን ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ባለጉዳዩ የሚሰማው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ወደ ልብስ ሰፊ ይሄድ ነበር። ጠዋት ገና ሱቅ ሲከፈት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሱሪውን በፌስታል ይዞ ይመጣል። አቦይ ወልዱ ሳይጠይቁ ያጠብቡለታል።

ከእነዚህ አንዱ ኪሮስ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሦስት ጊዜ ሱሪ አስጠበበ። ሲያስል ደንበኞቻችን ከአግዳሚ ወንበሩ ተነሥተው ደጅ ይቆማሉ። ሸሚዙ በላብ ይርሳል። ከዚያ ጠፋ። እኔ ሞቷል ብዬ ነበር። በዓመቱ አንድ ወፈር ያለ ሰው ሳቅ እያለ ገባ፤ ኪሮስ ነው። እናቱ ጎትተው አስመርምረውት የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ውጦ ጨርሶ ድኗል። ሱሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ ከመራቸውና «አስፉልኝ» አለ። አቦይ ወልዱ የሱቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። ስፌቱን በምላጭ ሲተረትሩና ያስቀመጡትን ጨርቅ ከውስጥ ሲያወጡ እያፏጩ ነበር። በዚያች ሱቅ ሲያፏጩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እኔ አገባሁ። ለተብርሃን፣ ወይም ባጭሩ ለተ፣ የሒሳብ መምህርት ነች፤ ለዩኒፎርም ጉዳይ ሱቁ ስትመላለስ ነው የተዋወቅነው። የሠርግ ሱፌን የሰፉት አቦይ ወልዱ ናቸው። ሲያለብሱኝም ለእሷ፣ እንደ ልጃቸው ጠርተው፣ «ጓለይ፣ ይሄን ልጅ መግቢው፤ ቦታ ትቼለታለሁ» አሏት።

በሠርጌ ማግስት ባለው ሁዳዴ አቦይ ወልዱ የምሳ እንጀራቸውን ሳይጨርሱ መመለስ ጀመሩ። «ጾም ነው» አሉኝ። ፋሲካ አለፈ፤ ደግሞ «ሆዴ አልቀበል ብሏል» አሉኝና ሻይ ብቻ መጠጣት ሆነ። እንጀራ ሲውጡ ቆም ብለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ደረታቸውን ሲያሹ አይቻለሁ። ጢማቸው ጉንጫቸውን ይሸፍነዋል። ኮታቸው ደግሞ ያው ኮት ነው፤ አመድማ ሱፍ፣ ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ልክ። ማንም «ምነው ከሱ?» አላላቸውም፤ ምን አይቶ ይላቸዋል? ማታ ሱቁን የምዘጋው እኔ ነበርኩ፤ «ሂድ ወደ ሚስትህ፣ እኔ እዘጋለሁ» ሲሉኝ የአዲስ ሙሽራ ወግ መሰለኝ።

አንድ ክረምት ጠዋት የከሰል ካውያውን እያራገቡ ሳለ ጉልበታቸው ከዳቸውና ተንሸራተቱ። ሮጬ በብብታቸው ገብቼ አነሣኋቸው። በሙሉ ኃይሌ ላነሣ ተዘጋጅቼ ስለነበር ሁለታችንም ወደ ኋላ ልንወድቅ ምንም አልቀረንም። ያነሣሁት ባዶ ኮት መሰለኝ። ከኮቱ ሥር ሹራብ አለ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ፣ ከዚያ ሥር ጎድን ብቻ።

«አቦይ፣ ምን ሆነዋል?»

«ምንም የለም፤ ካውያው እንዳይበርድ» አሉኝ።

ሆስፒታል ያስገባናቸው እኔና ልጃቸው አብረኸት ነን። ሐኪሙ መርምሮ ሲወጣ ፊቱ ደስ አይልም ነበር። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደከሱ ጠየቀን። አብረኸት እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን። አንድ ቤት የምታድረው እሷም፣ አንድ ሱቅ የምውለው እኔም አላስተዋልንም ነበር።

«ልብሳቸው አልሰፋቸውም?» አለ ሐኪሙ።

ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ኮት አየሁት። «አልሰፋቸውም። ልካቸው ነው» አልኩ።

የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ነገር እንደሆነ፣ ቀድመው ቢመጡ ሊሞከር የሚችል ነገር እንደነበር፣ አሁን ግን ሕመሙን ከማስታገስ በቀር እንደማይቻል ነገረን። ለገና አልደረሱም።

ከአርባቸው በኋላ አብረኸት ኮቱን አምጥታ ሰጠችኝ። ለኔ ይሰፋኛል ወይስ ይጠበኛል ብዬ ገበሩን ፈታሁት። ከገበሩ ሥር፣ በጎኑ ስፌት ላይ፣ አራት መስመር ነበር። አንዱ ከሌላው ወደ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ወደ ውስጥ፤ እያንዳንዱ በዚያው በሰም ባሻሹት ግራጫ ክር፣ ጥንቅቅ ተደርጎ። አንድም መስመር አልተጣመመም። ሱቁን ራሳቸው የሚዘጉት ለዚህ ኖሯል። ጨርቁንም አልቆረጡትም፤ እንዳለ አጥፈው አስቀምጠውታል። እመለሳለሁ ብለው ነበር ማለት ነው።

አለቀስኩ። አብረኸትም አጠገቤ ተቀምጣ፣ «የሰው አፍ ፈርቶ ነው። እኔና እህቴ ገና አላገባንም ነበር፤ የከሳ ሰው ልጅ ማን ያገባል ብሎ ነው» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሳቸው ግን ከኪሮስ ሱሪ ላይ ይህን በእጃቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ማወቅ ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

ሱቋ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ዩኒፎርም የሚሰፋ ድርጅት ተቀጠርኩ። አለቃዬ ችኩል ሰው ነበር፤ «የሰው ልጅ ሦስት ዓይነት ነው፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» ይላል። አቦይ ወልዱ ቢሰሙት በሜትር ይገርፉት ነበር። ለኔ ግን ለጥቂት ዓመታት ተመቸኝ። ደመወዙ በወሩ መጨረሻ ይመጣል፣ የማንንም ወገብ አላይም፣ የማንም ምሥጢር ኪሴ አይገባም። ድርጅቱ ሥራ አጥቶ ሲበተን ሓድነት ላይ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ኮቱን ሱቁ ውስጥ በስተኋላ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰቀልኩት። ሕጋቸውንም መለስኩ፤ ቁጥር አይጠራም፣ ትርፍ አይቆረጥም፣ ሁለት ጣት ለፋሲካ።

ዓመታት አለፉ። ለተብርሃን ኮረብታው ላይ፣ እንዳ ኢየሱስ አቅራቢያ ካለ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። በአንድ ሁዳዴ የፋሲካ ቀሚስ ልሰፋላት ጨርቅ ገዛሁ፤ ፈካ ያለ አረንጓዴ። ልለካት ሜትሩን ደረቷ ላይ ሳሳርፈው ሜትሩ ዘለለ። እጄ ይሆናል ብዬ ጣቴን አነሣሁ። አሁንም ይዘላል፤ ልቧ ነው። ያን ዳገት ወርዳ በእግሯ መምጣቷ ነው ብዬ ተውኩት። ወገቧ ካለፈው ዓመት ገብቶ ነበር። ጾም ነው። ሁለት ጣት ጨመርኩ።

ፋሲካ መጣ። ለተ በላች፤ እንደሷ የበላ ሰው አላየሁም። እህቶቿ «የጾሙን ብድር እየከፈለች ነው» እያሉ ሳቁባት። ሌሊት ሙቀት ሙቀት ይላታል፣ ብርድ ልብስ ትገፋለች፣ የመቀሌ ብርድ እያለ። ተማሪዎቿ ላይ የማትቆጣ ሴት በትንሽ በትልቁ ትገነፍላለች። ጰራቅሊጦስ ደርሶ ያቺ ሁለት ጣቴ አልሞላችም። እንዲያውም አራት ሆናለች። ቀሚሱ ከትከሻዋ ላይ ልብስ መስቀያ ላይ እንዳለ ሆኖ ተንጠለጠለ።

እሷም አይታዋለች። አንድ ጠዋት ቀሚሱን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችውና፣ «ጎኑን ትንሽ አጥብብልኝ» አለች፤ ቀለል አድርጋ።

«አላጠብብም።»

«እንታይ? ምን ማለት ነው? የሰው ሁሉ ታጠብባለህ አይደል?»

«ሐኪም ቤት ሂጂና አጠብብልሻለሁ።»

«ምን ብዬ? እየበላሁ ነው፣ እየሠራሁ ነው፣ ምኔን አመመኝ ልበል?»

«የምፈራው እየበላሽ መክሳትሽን ነው።»

«አንተ ደግሞ ሁሉን ትፈራለህ» ብላ ቀሚሷን አንሥታ ወጣች።

እውነቷን ነው፤ ፈሪ ነኝ። እሷ ግን ከኔ የባሰ እንደምትፈራ ያን ጊዜ አላወቅኩም። እናቷ እንዲሁ ከስተው ከስተው ነው የሞቱት፤ ምን እንደነበር ማንም አልመረመረም። ለተ ስለ እናቷ ስታወራ ሁሌ ደህና የነበሩበትን ዘመን ብቻ ነው የምታወራው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም። እሷ አትሄድም፣ እኔ አላጠብብም። ቀሚሱን በሹራብ ሸፍና ትለብሳለች። ቁርስ ስንበላ የብርጭቆው ሻይ እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ እንዳየሁ ስታይ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ትይዘዋለች። የሚያስፈራኝን ስም በልቤ እንኳ አልጠራውም ነበር። ስፌት ላይ ተቀምጬ የአቦይ ወልዱ ክብደት በክንዴ ላይ ይመጣል፣ ያ ባዶ ኮት የመሰለኝ ክብደት።

ከዚያ አንድ ቀን ያ አረንጓዴ ቀሚስ ልኳ ሆኖ አየሁት። ያለ ሹራብ ለብሳው ከቤት ወጣች፤ ወገቧ ላይ ልክክ ብሏል። ተመለሰች! ወፈረች! ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሱቅ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስቀልድ ዋልኩ። እግዚአብሔርንም አመሰገንኩ፣ ጧፍ ይዤ ለመሄድም ተሳልኩ።

ቅዳሜ ልብስ እየተኮስኩ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ካውያ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲተኩስ ማየት አልችልም። ቀሚሱን ገልብጬ ከውስጥ በኩል ስዘረጋው ካውያው እጄ ላይ ቀረ። በጎኑ ነጭ ክር አለ። እኔ ነጭ ክር አላስገባሁም፤ ክሬ ግራጫ ነው፣ በሰም የታሸ። ስፌቱ የሌላ ሰው ነው፤ ረጃጅም፣ የችኮላ። ትርፉን ጨርቅ በጣቴ ፈለግኩት። የለም። ቆርጦ ጥሎታል።

ካውያውን አቁሜ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም። አቦይ ወልዱ ቢያንስ ጨርቁን ትተውት ነበር። ይሄ ግን የምትመለስበት የለም ብሎ የቆረጠባት መሰለኝ። ሰፊው ምን አጠፋ፤ ማንነቷንም አያውቅ። እኔ ግን ያን የተቆረጠ ጠርዝ ሳይ መጥፎ ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

ለተ ከጓዳ መጣችና ቀሚሱ ተገልብጦ አየችው። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ፈርቼ ነው፣ ሽመልስ» አለች። «አስተማሪዎቹ ማየት ጀመሩ። ደግሞ እኔ ራሴ መስታወት ውስጥ እናቴን አየኋት። ቀሚሱ ልክ ሲሆን ደህና የሆንኩ ይመስለኛል።»

ሱቅ ሄጄ ኮቱን አመጣሁት። አቦይ ወልዱ ሲሞቱ እሷም አልቅሳለች፤ ኮቱን ግን ከውስጥ አሳይቻት አላውቅም ነበር። ገበሩን ገልጬ እጇን ይዤ ጣቷን ስፌቶቹ ላይ አሳረፍኩት። አንዱን መስመር፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ዳበሰች።

«ራሳቸው ናቸው የሰፉት?»

«ራሳቸው ናቸው።»

«አንተ አላየህም?»

«ማንም አላየም። ልካቸው ነበራ!»

ኮቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ገበሩን መልሳ ከደነችው። «ሰኞ ጠዋት እንሄዳለን» አለች በመጨረሻ። «ሌላውን፣ የሰፋኝን ቀሚሴን ነው የምለብሰው፤ ሐኪሙ ይየው።»

ሰኞ ዓይደር ሆስፒታል ወደሚሄደው ሚኒባስ ገባን። እጇ እጄ ውስጥ ነበር፤ ትኩስና ላብ ያለበት። ሚዛን ላይ ስትወጣ ዐይኗን ጨፈነች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ አልቸኮለችም። ምግብ ይበላላት እንደሆነ፣ ስትውጥ ያንቃት እንደሆነ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ፣ ሳል፣ ጥማት፣ የሽንት መመላለስ፣ የሆድ ነገር፣ አዲስ እብጠት፣ እንቅልፍ፣ ሐዘንና ሐሳብ፣ ሁሉን አንድ በአንድ ጠየቀቻት። አንገቷን ዳበሰች፣ «ምራቅሽን ዋጪ» አለቻት፣ እጇን አስዘርግታ ጣቶቿ ሲርገበገቡ አየች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አንተ መቼ ነው ያስተዋልከው?»

«በጾም የሰፋሁላት ቀሚስ ከፋሲካ በኋላ መሙላት ነበረበት» አልኩ። «አልሞላም።»

የሚያስቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ አፈርኩ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና ከምትጽፈው ጋር ጻፈችው። «ሰው ሳይፈልግ መክሳት ከጀመረ ምክንያቱ መፈለግ አለበት» አለች። «በግማሽ ዓመት፣ ቢበዛ በዓመት ውስጥ፣ ከየሃያው ኪሎ አንዷ ያህል ከጠፋች መመርመር ነው። ትኩሳት፣ የማይለቅ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የመዋጥ ችግር፣ ደም ወይም እብጠት ካለበት ደግሞ ኪሎም አይቆጠርም፤ ቶሎ መምጣት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታከም ነገር ነው የምናገኘው። መጀመሪያ ምንም ባይገኝ እንኳ ተመልሶ መታየት ነው እንጂ ተገላገልኩ ብሎ መቅረት አይደለም።»

«ያ በሽታ ይሆን?» አለች ለተ፣ ድምጿ እየጠፋ።

«እሱንም እንመረምራለን። ቢሆንም መድኃኒት አለው፤ ሰው እየሠራ፣ ልጁን እያሳደገ ይኖራል። ግን እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነው።»

ደም ሰጥታ ውጤቱ እስኪመጣ በነበሩት ቀናት በቤታችን ሁለታችንም ጮክ ብለን አላወራንም። ጎረቤት ሲመጣ ስለ ዝናቡ አወራን። እኔ በመኪናዬ ላይ ተጎንብሼ ስፌት ጣመመብኝ፤ ተርትሬ ደግሞ ሰፋሁ፤ ደግሞ ጣመመ። ይህ ሁሉ ዓመት ሰፍቼ ቀጥ ያለ መስመር አቃተኝ።

ያመማት፣ ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ያለችው ዕጢ ነበረች። ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ ይህች ዕጢ ከልክ በላይ ስትሠራ ሰውነት የሚበላውን ሁሉ ያነድደዋል፤ እየበላ ይከሳል፣ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። «ቢቆይ ኖሮ ልብሽን ይጎዳው ነበር» አለቻት። «ክኒን አለው። ግን አቋርጠሽ እንዳትጠፊ፤ በየጊዜው ደም እየታየ ነው።» ለተ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሐኪሟ ፊት ማልቀስ ጀመረች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚሉት ገባኝ።

መዳኑ የአንድ ቀን ነገር አልነበረም። ክኒኑ ሲበዛ፣ ሲቀነስ፣ ስትሻሻል፣ ስትደክም፣ እኔ ጠዋት ጠዋት አንጓዋን ይዤ የልቧን ምት ስሰማ፣ ደግሞ ክረምት መጣ፣ ደግሞ ሁዳዴ ደረሰ። በፋሲካ ማግስት አረንጓዴውን ቀሚስ ልትለብስ ሞክራ ጎኑ አልገጥም አላት። ከመኝታ ቤት ጠራችኝ። ዚፑ ግማሽ ላይ ቆሟል።

«አስፋልኝ» አለች።

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ወር ጠበቅኩ። ግን ምን ላስፋው? ጨርቁ ተቆርጧል። ገበያ ዞርኩ፤ ያ አረንጓዴ የለም። ለመቅረብ የሚሞክር እንኳ አላገኘሁም። ማታ ተቀምጬ ሳስብ ለተ ተነሥታ የአቦይ ወልዱን ኮት ከሣጥን አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ካሳየኋት ቀን ጀምሮ ቤት ነበር።

ምላጩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አራቱን ስፌት አንድ በአንድ ተረተርኳቸው። ለመመለሻቸው ያስቀመጡት ጨርቅ ከውስጥ ወጣ፤ ፀሐይ ስላላየ ከኮቱ ፊት ይልቅ አዲስ ነበር። ሁለት ጠባብ ቁራጭ ወሰድኩና በግራና በቀኝ ጎን አስገባሁላት።

«ቀለሙ አይሄድም» አልኳት። «አመድማና አረንጓዴ፤ ሰው ሁሉ ያየዋል።»

«ይታይ» አለች።

ትምህርት ቤት ድረስ ሸኘኋት። አሁንም ድረስ ሳላውቀው እጄ ወገቧ ላይ ያርፋል፤ ፍርሃቱ ከዚያ በኋላ አልወጣልኝም፣ የሚወጣም አይመስለኝም። በሩ ላይ አንዲት መምህርት ቀሚሷን ቁልቁል አይታ፣ «ለተ፣ ይሄ ጎንና ጎኑ ላይ ያለው ምንድነው?» አለቻት።

«አቦይ ወልዱ ያስቀመጡልኝ ነው» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።